ደረቅ ግልባጭና የክረምት ወረቀት



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ የፎቶ ኮፒ ቤት አይታጣም። በአንድ የክረምት ቀን ሱሉልታ ላይ ያስገለበጥሁትን መታወቂያ ለጉዳዬ ባቀርብ፣ «ቁጥሩ አይነበብም» ተብሎ ተመለሰብኝ። የኮፒ ቤቷ ሠራተኛ «ማሽኑ አርጅቷል፤ ጠጋኝ ልጠራ ነው» አለችኝ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው እርጥብ በር አጠገብ ተከፍቶ በተቀመጠው የወረቀት እሽግ ላይ ነበር።

ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ አስቶሪያ በተባለ ሰፈር፣ ድኝ የተቀባ የዚንክ ሳህን በጨርቅ ፈትጎ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አሳደረበት። ከዚያም ጽሑፍ ባለበት መስታወት በኩል ብርሃን አበራበት። ድኝ በጨለማ ቻርጁን ይይዛል፤ ብርሃን ሲነካው ይለቃል። ስለዚህ ቻርጁ ከፊደሎቹ ጥላ ሥር ብቻ ቀረ፤ የተነሰነሰውም ዱቄት እዚያው ተጣበቀ፤ በሰም ወረቀት ላይም ተገለበጠ።

በዛሬው ማሽን የድኙን ሥራ ድራሙ ይሠራል፤ መርሁ ግን ያው ነው። ቶነሩን ከድራሙ ወደ ወረቀቱ የሚስበው ለወረቀቱ ከጀርባው የሚሰጠው ቻርጅ ነው። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቻርጁ ያመልጣል፤ ከቶነሩ ከፊሉ ድራሙ ላይ ይቀራል፤ ፊደሉም ይገረጣል።

ሠራተኛዋ በጥያቄዬ ካልተከፈተ እሽግ አንድ ወረቀት አውጥታ ደገመችው፤ ቁጥሩ ጎልቶ ወጣ። ጠጋኙም አልተጠራም።

ውድ ተማሪዎች፣ በገረጣ ቁጥር የተነሣ የባለጉዳይ ቀን ይባክናል፤ የማመልከቻ ጊዜም ያልፋል። እሽጉን ከድኖ ማስቀመጥ ግን ምንም አያስወጣም።