ባቡሩ ተመለሰ፣ ገበያውስ?



ድሬዳዋን የወለዳት በ1895 ዓ.ም. የደረሰው ባቡር ነው፤ ጨርቃ ጨርቁም ሲሚንቶውም ኋላ መጡ። ባለፈው ሰሞን ሰፈር ለሰፈር ዞርን። ከከዚራ የዛፍ ጥላ ወጥተን፣ ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ገባን። ደቻቱ አሸዋ ብቻ ይመስላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

የድሮው ባቡር ሲቆም፣ ጣቢያው ደጅ ሻይና ሳምቡሳ የምንሸጠው የእኛም ገበያ አብሮ ቆመ። አሁን የኤሌክትሪክ ባቡር አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክም ተሠርቷል፤ ደስ ብሎናል። ዳሩ ግን አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ነው። ፔርሙዝና ዘንቢል ይዞ በእግር አይደረስም፤ የባጃጁ ሒሳብ ደግሞ የሻዩን ትርፍ ይበላዋል።

ከጋራ ቁጠባችን አንድ ባጃጅ እንግዛ ብለን ዛሬ የምንጠይቃችሁ ለዚህ ነው።