ሽመላም ሐሲዳም አንድ ወፍ ናት

(በሐዴራ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ ኡልፓን፣ ስለ ማሽካንታ ወይም ስለ ቢቱአሕ ለኡሚ አይደለም። ለእነዚህ ሌላ ቀን አለን። የዛሬው ነገራችን ስለ ወፍና ስለ ረግረግ ነው። «ይህ ሁሉ ጣጣ እያለብን ወፍ ምን ሊሆነን?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝና በመጨረሻ ፍረዱ።

ሽመላን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። እኔ የደንቢያ ልጅ ነኝ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስመጣ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።) ሽመላ በሰማይ ስታልፍ እኛ ልጆች ከብቱን ትተን፣ ቀና ብለን ስለ እየሩሳሌም እንጠይቃት እንደነበር ግን አልረሳሁም። ከእኛ በፊት እናቶቻችንም ጠይቀዋታል።

ያ ጥያቄ እንዲሁ የልጅ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ነጭ ሽመላ በአውሮፓ ትፈለፍልና ብርዱ ሳይገባ፣ በነሐሴና በመስከረም፣ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች። የምትሄደው ከምድር በሚነሣ ሙቅ አየር ላይ ተንሳፍፋ ነው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሣ ባሕሩን ዞራ በእስራኤል ላይ ታልፋለች። ትልቁ መንጋ በቤት ሽአንና በዮርዳኖስ ሸለቆ በኩል ይሄዳል። ከዚያ በሲናና በዓባይ ሸለቆ አድርጎ ሱዳን ይገባል፤ ከፊሉም ኢትዮጵያ ይደርሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ በዚያው መንገድ ይመለሳል። እንግዲህ ልጆቹ ስለ እየሩሳሌም የጠየቋት ወፍ በእርግጥም ይህን ምድር አይታ የመጣች ነበረች።

በየዓመቱ በበልግና በመጸው በእስራኤል ሰማይ የሚያልፈው ወፍ ሁሉ በአንድ ጉዞ 500 ሚሊዮን ያህል ይሆናል ይባላል። ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ ፍጥረት የሚያርፍበት ውሃ ያስፈልገዋል። የእኛ የሐዴራ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሐዴራ በ1891 ስትቆረቆር አካባቢው ረግረግ ነበር። መሥራቾቿም እንደ እናንተ አዲስ ገቢዎች ነበሩ። ወባ ፈጃቸው፤ በመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት ውስጥ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በባሮን ሮትሽልድ ገንዘብ ቦይ ተቆፈረ፣ ውሃ እንዲመጥ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ይህ ባሕር ዛፍ በዚያው ዘመን አጼ ምኒልክ በአዲስ አበባ ያስተከሉት ዛፍ ዘመድ ነው። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደር ለምን እንደሚፈራ የምታውቁ እናንተ፣ ረግረጉን ስላደረቁ አትፈርዱባቸውም። ልጆቻቸውን እየቀበሩ ነበርና።

ነገር ግን ማድረቁ ከልክ አለፈ። በሰሜን ያለው የሑላ ሐይቅ ከ1951 እስከ 1958 ድረስ እንዲደርቅ ተደረገ። ሐሳቡ ሰፊ እርሻ ለማግኘት ነበር። የደረቀው አፈር ግን ሥር ለሥር ይነድ፣ በነፋስም ይበን ጀመር፤ ከእርሻው የሚታጠበውም ወደ ኪነሬት ወርዶ ውሃውን አበላሸ። በ1994 ከመሬቱ ከፊሉ እንደገና ውሃ ተለቀቀበት። ወፎቹም ተመለሱ። ጠፍታለች ተብላ በ1996 የታወጀባት የሑላ እንቁራሪት እንኳ በ2011 በሕይወት ተገኘች።

በእኛ አካባቢም የቀረ አለ። ብሬኻት ያዓር የምትባለው ኩሬ የዱሮው ረግረግ ቅሪት ናት፤ ዛሬ የተጠበቀች ሥፍራ ሆናለች። ከሐዴራ ወደ ደቡብ በኤሜቅ ሔፈር ባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ደግሞ በመጸው ፔሊካኖች በሺህ እየሆኑ ያርፋሉ። የዓሣ አርቢዎችን ኩሬ እንዳይዘርፉ መንግሥት ለእነሱ ብሎ ዓሣ ያስጨምርላቸዋል። ጠግበው ወደ አፍሪካ ይሄዳሉ።

አሁን ልብ በሉልኝ። በአገር ቤት ዝናብ የሚጥለው በሰኔና በሐምሌ ነው። እዚህ የሚጥለው በብርዱ ወራት ነው፤ በሰኔ ጠብታ የለም። ስለዚህ የክረምት ኩሬ በጥርና በየካቲት ሞልቶ በበጋ ይሰነጠቃል። በበጋ ያየው ሰው ባዶ መሬት ነው ብሎ ፍርስራሽ ይደፋበታል። እኔም እንዲህ ያለ ክምር በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን በዚያ በተሰነጠቀ ጭቃ ውስጥ ዘር አለ፣ የጥቃቅን ፍጥረት እንቁላል አለ፤ ዝናቡን እየጠበቀ ነው። ወባውንም አትፍሩ፤ ከእስራኤል ከጠፋ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁና ልጨርስ። ከማትናስ ጥቂት ቤተሰቦችን ይዘን ውሃ ዳር ወርደን ነበር። አስጎብኚው በዕብራይስጥ ይናገራል፣ ልጆቹ ይሰማሉ፣ ወላጆች ከኋላ ዝም ብለው ቆመዋል። አንድ አባት ነበሩ፤ ልጃቸው በሰው ፊት በአማርኛ ሲያናግሩት ያፍር ነበር። በመስኩ ላይ ከላሞች እግር ሥር የምትሄድ ነጭ ወፍ አዩና፣ «ይህቺማ የእኛ ናት፤ ላሟ ስትረግጥ የሚነሣውን ፌንጣ ልትለቅም ነው የምትከተላት» አሉ። ልጁ እያቅማማ ለአስጎብኚው ተረጎመለት። ሰውዬው ሣቀና፣ «እኛም ስሟን አናፊት ባካር ያልናት ለዚሁ ነው» አለ። ባካር ማለት ከብት ነው። ከዚያ ወዲያ ልጁ ራሱ ለአባቱ ጥያቄ ያመጣ ጀመር፤ «ይሄስ? ያቺስ?» እያለ።

እኔ የመምህራን ኮሌጅ ተምሬ፣ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሐሲዳ የሚለውን ስም ይዞ ይመጣል። እናንተ ሽመላ ትላላችሁ። ወፏ አንድ ናት። እሱ ስሟን በዕብራይስጥ ያስተምራችሁ፣ እናንተ ጠባይዋን አስተምሩት። የከብት፣ የጨፌና የውሃ ዕውቀታችሁን እዚህ አይጠቅምም ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትቆልፉት።

የምለምናችሁ ጥቂት ነው። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ሂዱ። ከመንገዱ አትውጡ፤ አበባ መቅጠፍ፣ ወፍና እንቁራሪት መያዝ፣ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ፍርስራሽ ሲደፋ ወይም ወፍ ሲጠመድ ካያችሁ ለተፈጥሮና ለፓርኮች ባለሥልጣን በኮከብ 3639 ደውሉ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ልጃችሁ ይደውል።

የሐዴራ የመጀመሪያ ሰዎች ውሃውን ማድረቅ ግድ ሆነባቸው። የቀረውን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው። በደንቢያ ቀና ብለው ሽመላን የሚጠይቁ ልጆች ዛሬም ካሉ፣ ወፏ በመንገዷ ማረፊያ አጥታ እንዳትቀርባቸው።