መምህር ያላገኘው ጨዋታ፦ ቭላዲሚር ዛክ፣ ሰንጠረዥ እና ቤተ ልሔም



የቼዝ ታሪክ ሲነገር ዘወትር የሚነሡት ሻምፒዮኖቹ ናቸው። እኔ ዛሬ የማነሣው ሻምፒዮን ያልነበረን ሰው ነው፤ ከእርሱም ተነሥቼ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ አንድ ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው በምንድን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ቭላዲሚር ዛክ በ1913 በቤርዲቼቭ ከተማ ተወልዶ በ1994 ያረፈ የሶቪየት ኅብረት የቼዝ ማስተር ነበር። ዘመኑ ግን ቦትቪኒክና ስሚስሎቭ የነገሡበት ዘመን ስለ ነበር በታላላቅ ውድድሮች መዝገብ ስሙ ጎልቶ አይታይም። የዕድሜ ልክ ሥራውን የሠራው በሌኒንግራድ በሚገኘው የፓዮኒሮች ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ በልጆች መካከል ነው። ይህ ሕንፃ ቀድሞ የሩሲያ ነገሥታት ቤተሰብ መኖሪያ ነበረ፤ በ1937 ለሕፃናትና ለወጣቶች ማሠልጠኛ ተሰጠ።

በ1946፣ ከጦርነቱና ከከተማይቱ ከበባ ማግሥት፣ ቦሪስ ስፓስኪ የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ወደዚያ መጣ። ዛክ ተሰጥኦውን ለይቶ አስተማረው፤ ቤተሰቡ ችግረኛ ስለ ነበርም የመንግሥት ድጎማ እንዲያገኝ ረዳው። ልጁ ሲጎለምስ ወደ ሌሎች አሠልጣኞች ተሻገረ፤ በ1969ም ፔትሮሲያንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለዓለም ሻምፒዮናነት ከካርፖቭ ጋር የተፋለመው ቪክቶር ኮርችኖይ በዚያው ቤት ከዛክ ተምሯል። ከእነርሱ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ጋታ ካምስኪም ከዚሁ መምህር እጅ ወጥቷል። ከስፓስኪ እስከ ካምስኪ ዐርባ ዓመት ያህል ነው። ሻምፒዮኖች መጥተው ሄዱ፤ መምህሩ ግን ከዚያ ቤት አልወጣም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቼዝ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ሰንጠረዥ የተባለው የራሳችን ጨዋታ ነበረን፤ ስሙም ከዐረብኛው ሸጥረንጅ ጋር አንድ ዘር ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻም የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን አብዝተው እንደሚወዱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል። ከሁሉ የተሟላውን መግለጫ የተወልን ግን በ1860 በጎንደር አቅራቢያ የተገደለው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1868 ታተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስበው አሳተሙ።

ሰንጠረዥ በጨርቅ ላይ በተሠመሩ 64 ቤቶች ይካሄዳል፤ ቤቶቹ እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ተብለው አይለዩም። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። እጅግ የሚያስደንቀው መክፈቻው ነው፤ ወረራ ይሉታል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባሻቸው ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ በተራ ይሆናል። አጨራረሱም የራሱ ክብር አለው፦ ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መግደል እምብዛም አያስመሰግንም፤ በመደቅ መግደል ግን ታላቅ ሙያ ነው። ተመልካቹ ዝም ብሎ አያይም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል፣ ይከራከራል።

ይህን የመሰለ ጨዋታ ያለ ጥርጥር ጌቶች ነበሩት። ይሁንና ከታላላቆቹ ጨዋታዎች አንዱን እንኳ ዛሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሰን ልንጫወተው አንችልም። አንደኛው ምክንያት ወረራው ራሱ ይመስለኛል፤ ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሱትን በቅደም ተከተል መጻፍ አዳጋች ነው። የዛክ ተማሪዎች ግን ጨዋታቸውን እርምጃ በእርምጃ እየጻፉ ስሕተታቸውን ከመምህራቸው ጋር ይመረምሩ ነበር። ሁለተኛውና የሚከብደው ምክንያት የጨዋታው መኖሪያ ነው። ሰንጠረዥ የመኳንንት ግብር ቤት ጨዋታ ነበር። በ1935 የተጀመረው የጣልያን ወረራ ያን ዓለም ሲያናጋው ጨዋታውም አብሮ ተናጋ። ሌኒንግራድ ቤተ መንግሥቱን ለልጆች ሰጠ፤ የእኛ ሰንጠረዥ ከቤተ መንግሥት ሳይወጣ አረጀ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «መምህርን ማክበርና ጉባኤ መትከል የእኛ ባህል አይደለም ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ መልሴ ቤተ ልሔም ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን በሌላ ቦታ የተማረ ሰው እንኳ ዕውቀቱን ለማስመስከር ወደዚያ ይዘልቃል። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ እያደረ፣ በጎጆ እየኖረ፣ ድጓውን በእጁ ጽፎ ለዓመታት ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። የዜማው ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተሠራ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ስለዚህ ዜማው ጽሕፈት አለው፣ ቤት አለው፣ መምህር አለው፣ «ይህ ሰው አውቋል» ብሎ የሚመሰክር ጉባኤ አለው። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ድጓው ግን ዛሬም ይዜማል። የዜማ ቤቱ ባለውለታዎች አብዛኞቹ ከደቀ መዛሙርታቸው ውጭ ስማቸው አይታወቅም። በዚህ ከዛክ ጋር አንድ ናቸው።

በእርግጥ ድጓ ቅዱስ አገልግሎት ነው፣ ሰንጠረዥ ጨዋታ ነው፤ ሁለቱን በክብር እኩል ላደርጋቸው አልሻም። የማነጻጽረው የመሻገሪያ ድልድያቸውን ነው። ድልድዩም በእኛው ምድር መሠራቱን ቤተ ልሔም ታስረዳለች።

ዛሬ ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል ሳንጽፈው የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን «ሰንጠረዥ 1»፣ «ሰንጠረዥ 2» እያልን አኃዝ እንደረድርበታለን። ቤቶቹ ቀርተውልናል፤ ሠራዊቱ ነው የሄደው። ሕጉ ግን በፕላውደንና በፓንክረስት ጽሑፍ ተጠብቋል፤ ጨርቁን መሥራትም ውድ አይደለም። ለተማሪዎቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ወረራን የሚያስጽፍ ምልክት ቅረጹ፤ የምትጫወቱትን ሁሉ መዝግቡ፤ በየሳምንቱ ልጆችን የምታስተምሩበት አንድ ክፍል ጠይቁ። ከእናንተ መካከል ማሸነፍ የሚወድ ብዙ ይገኛል። እኔ የምፈልገው ግን ዐርባ ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ የሚፈቅድ አንድ መምህር ነው።