የመኪና ቺንጋ ለውጥ፦ በቤት፣ በጋራዥ ወይስ በወኪል ድርጅት?



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ከዚህ መድረክ ያነሰ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ርዕሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህን ያህል ዓመት አስተምረህ ስለ ቺንጋ ልታወራ ነው?» ሲል ቀልዶብኛል። አዎን፣ ስለ ቺንጋ ላወራ ነው። ያስተማርሁትን ቀመር እኔ ራሴ በትክክል ያልተረዳሁት መሆኔን ያወቅሁት በአንድ ቺንጋ ምክንያት ስለሆነ ነው።

በቅድሚያ በስሙ እንግባባ። ቺንጋ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛው «ቺንጊያ» የመጣ ሲሆን፣ እንደ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታና ኩሽኔታ ሁሉ በጋራዥ ቋንቋችን ሥር የሰደደ ነው። (እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ ተማሪዎቻችን «ቤሪንግ» ሲባል ሃምሳ ገጽ ይጽፋሉ፤ «ኩሽኔታ» ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። እኛ በእንግሊዝኛ እናስተምራለን፣ ጋራዡ በጣሊያንኛ ይሠራል፤ ሁለታችን በአማርኛ እንኳ ብዙ አንነጋገርም።) ዛሬ የምናገረው ቫልቮችን ከፒስተን ጋር ስለሚያቀናጀው የታይሚንግ ቺንጋ ሳይሆን፣ በሞተሩ ፊት ለፊት እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪውን ፓምፕና የአየር ማቀዝቀዣውን ኮምፕሬሰር በአንድነት ስለሚያዞረው ረጅም ቺንጋ ነው። ቀድሞ እነዚህ ክፍሎች በሁለት ወይም በሦስት አጫጭር ቺንጋዎች ይዞሩ ነበር። ሁሉንም በአንድ ቺንጋ የማዞር ዘዴ በምርት መኪና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1979 በፎርድ ሙስታንግ ነው። ዘዴው ቦታ ቆጥቧል፤ በአንጻሩ ያ አንድ ቺንጋ ሲበጠስ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይቆማል።

አሁን ወደ ቀመሩ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች እንደምታስታውሱት፣ በኦይለር ቀመር መሠረት ቺንጋው ሳይንሸራተት በጠባቡና በላላው ጎን መካከል ሊኖር የሚችለው የውጥረት ንጽጽር የሚወሰነው በሰበቃው መጠንና ቺንጋው ፑሊውን በሚያቅፍበት ማዕዘን ነው፤ ግንኙነቱም ኤክስፖኔንሻል ነው። የሰበቃውን መጠን 0.3 ብንወስድ፣ ጠፍጣፋ ቺንጋ ግማሽ ዙር ሲያቅፍ ንጽጽሩ 2.6 ገደማ ይሆናል። ቺንጋው ባለ ሸለቆ ሲሆንና የሸለቆው ማዕዘን 40 ዲግሪ ሲሆን ግን፣ ጥርሱ ወደ ሸለቆው ስለሚወተፍ ንጽጽሩ ወደ 15.7 ይወጣል። እቅፉ ከ180 ወደ 120 ዲግሪ ቢቀንስ ደግሞ ወደ 6.3 ይወርዳል። ቺንጋው እንደ እባብ የሚጠማዘዘውም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ጥምዝ እቅፍ ያበዛል። በቤታችን ስንቀይር አንዱን ፑሊ በተሳሳተ ጎን ብናሳልፈው፣ ቺንጋው ሲታይ የተወጠረ ይመስላል፣ ኃይል የመሸከም አቅሙ ግን ከግማሽ በላይ ተሰርቋል።

ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ጩኸትም በዚሁ ስሌት ይገለጻል። ሞተሩ በተነሣበት ቅጽበት ባትሪው ያወጣውን ኃይል መልሶ ስለሚጠይቅ ዲናሞው ከባድ ሸክም አለበት፤ ሞተሩ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ዲናሞው 1 ኪሎ ዋት ቢወስድ፣ 14 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የክራንክሻፍት ፑሊ በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር ቺንጋው በሰከንድ 5.5 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ለዲናሞው ብቻ 180 ኒውተን ያህል መጎተት አለበት። ነዳጅ ሰጥታችሁ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር፣ ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ጉተታ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጩኸቱም ይጠፋል። አሽከርካሪው «ሲሞቅ ይተወዋል» የሚለው ይህንን ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ የራሴ ኮሮላ ማለዳ ማለዳ መጮህ የጀመረው። አጭርና ተደጋጋሚ፣ የወፍ ጫጩት የሚመስል ድምፅ ነበረው። አንድ ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ሄጄ ቺንጋ ገዛሁ፤ በግቢዬ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቼ፣ የቺንጋውን አካሄድ በወረቀት ላይ ነድፌ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ፣ መወጠሪያውን በ19 ቁልፍ አላልቼ አሮጌውን አወጣሁና አዲሱን አስገባሁ። አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ድምፁም ጠፋ። ልጆቼን ጠርቼ ማሳየቴን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጫጩቷ ተመልሳለችና።

በራሴ ሥራ ጥርጣሬ ስላደረብኝ በሁለተኛው ጊዜ ወደ አንድ ትልቅ አስመጪ ድርጅት ወሰድሁት። ንጹሕ ወለል፣ የፋብሪካ መመሪያ፣ የክር ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ፣ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ፤ ምንም አልጎደለም። የእጅ ዋጋው ከቺንጋው ዋጋ ይበልጥ ነበር። በደረሰኙ ላይ የተጻፈውም «ቺንጋ ተቀይሯል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ተቀይሯል። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ቺንጋ ቀይሩልኝ አልሁ እንጂ ለምን እንደሚጮህ ፈልጉልኝ አላልሁም።

ድምፁ በድጋሚ ሲመለስ፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ፣ የቀላል ባቡሩ መስመር ከሚያበቃበት ብዙም ሳይርቅ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት አዳመጠና አንድ ሃይላንድ ውሃ አነሣ፤ ክዳኑን በምስማር በስቶት ኖሯል። እጁን ከሚዞረው ነገር አርቆ በቺንጋው የጥርስ ጎን ላይ ውሃ ረጨ። ድምፁ ጸጥ አለ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ግን ተመለሰ። «ጋሼ፣ ቺንጋው ምንም አልሆነም፤ አንዱ ፑሊ ዘንበል ብሏል» አለኝ። ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን አወለቀና እያንዳንዱን ፑሊ በእጁ አዞረ። የመወጠሪያው ፑሊ ጋ ሲደርስ እጄን ይዞ አስነካኝ። ኩሽኔታው ይንኮሻኮሻል፤ ጫፉን ሲገፉት ይወዛወዛል።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች ትንሽ ልቆይ። ውሃ የተረጨበት ቺንጋ ይበልጥ ከጮኸ፣ እየተንሸራተተ ነው፤ ውጥረት ጎድሎታል ማለት ነው። ለጊዜው ጸጥ ብሎ ከተመለሰ ግን ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፤ የቺንጋው ጥርስ ወደ ሸለቆው ሲገባ ጎኑን እየተፋቀ ነው የሚጮኸው፣ ውሃውም ለጥቂት ጊዜ እንደ ቅባት ያገለግለዋል። የእኔ ቀመር ፑሊዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው መቆማቸውን አስቀድሞ የሚያምን ነው። አንድ ዲግሪ የማይሞላ ዝንባሌ ድምፅ ለማምጣትና ቀስ በቀስ የቺንጋውን ጠርዝ ለመብላት በቂ መሆኑ በሰሌዳዬ ላይ ተጽፎ አያውቅም።

ታዲያ አመንሁት? አላመንሁትም። «ከወር በፊት በትልቅ ድርጅት ታይቷል» ብዬ፣ ቺንጋውን እንዲመልሰው ጠይቄ ወጣሁ። ፑሊውን በጣቴ ነክቼ ያመንሁት ግን ደረሰኙን ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ከባለቤቴ ጋር ወደ ሰበታ ስንጓዝ ዓለም ገና ላይ የባትሪው መብራት በራ፤ መሪው ከበደ፤ የሙቀት መለኪያው መውጣት ጀመረ። በእኔ ሞተር የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ከፍታችን ውሃ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ራዲያተሩን የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያው ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ቴስታታው ተረፈ። ሌላ ሁለት ኪሎ ሜትር ብገፋ ኖሮ ባልተረፈ ነበር። መኪናው ተጎትቶ ጦር ኃይሎች ገባ፤ መካኒኩም ስለ ቀድሞው ነገር አንድ ቃል አላነሣብኝም።

ወኪል ድርጅት ቢሆን መወጠሪያውን በሙሉ ይቀይር ነበር። እርሱ ኩሽኔታውን ብቻ ከፑሊው አውጥቶ፣ በቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነ ገዝተን አስገባ። በዚህ አሠራር ላይ ቅሬታ አለኝ፤ ይህ ኩሽኔታ በከፍተኛ ፍጥነትና ሙቀት የሚሠራ ስለሆነ፣ ስፋቱ ብቻ የገጠመ ተራ ኩሽኔታ አይበቃውም፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉት ፊደላትም መመሳሰል አለባቸው። ይህን ስነግረው መካኒኩ ፊደላቱ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ እኔም ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። በመካከላችን የመጀመሪያው እኩል ንግግር ይህ ይመስለኛል።

ቺንጋ ገዝታችሁ ራሳችሁ ለምትቀይሩ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ በእጅ አታስተካክሉ፤ ጀርባውን አንብቡ። «6 ፒኬ 1210» ቢል፣ ስድስት ጥርስ፣ በጥርስና በጥርስ መካከል 3.56 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም 1210 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ስታስገቡት አንዱ ጥርስ ከፑሊው ውጭ እንዳይንጠለጠል በጣታችሁ ዳስሱ፤ ዓይን ይታለላል። ሁለተኛ፣ «አልተሰነጠቀም፣ ደኅና ነው» አትበሉ። የቀድሞዎቹ የኒዮፕሪን ቺንጋዎች ሲያረጁ ይሰነጠቁ ነበር። የዛሬዎቹ ኢፒዲኤም ከተባለ ጎማ የሚሠሩት ግን እንደ መኪና ጎማ ያልቃሉ እንጂ እምብዛም አይሰነጠቁም፤ ሸለቆው ጠልቆ ጥርሱ ሲሾል ያኔ አልቋል። ፎርጅድ ዕቃም አለና ጽሕፈቱ በጥፍር የሚለቅ ከሆነ ተዉት።

በቤት ይሁን በወኪል የሚለውን በተመለከተ፣ ዋስትናው ያላለቀ መኪና ወደ ወኪሉ ይሂድ፤ ክርክር የለውም። መወጠሪያው በራሱ የሚወጥር ከሆነና እጅ የሚያስገባ ቦታ ካለ፣ በቤት መቀየር ተማሪም የሚችለው ሥራ ነው። ችግሩ ሦስቱም ቦታዎች «ቀይር» የሚለውን ትእዛዝ መፈጸም መቻላቸው ነው፤ በእኔ ጉዳይ «ለምን?» ብሎ የጠየቀው ግን በሃይላንድ ውሃ የሚመረምረው ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ደግሞ በእኛ ፋኩልቲ በር አልፎ አያውቅም።

ነገሩን ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተገለጸ። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ይህ ቺንጋ የለም፤ ኮምፕሬሰሩም ሆነ የውሃ ፓምፑ የየራሱ ሞተር አለው። ስለዚህ ዛሬ በመንገዳችን ላይ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ምትክ ሳያገኙ እያረጁ ይሄዳሉ፤ በሕይወት የሚያቆያቸውም ጦር ኃይሎችን የመሰሉ ሠፈሮች ጋራዥ ነው። እኛ ሥርዓተ ትምህርታችንን ወደ ባትሪና ወደ ኢንቨርተር እያዞርን ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ለቀጣዩ ሴሚስተር ያቀረብሁት ሐሳብ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት በጋራዥ ውለው፣ የተቀየረውን ዕቃ ሳይሆን የተቀየረበትን ምክንያት ብቻ እንዲመዘግቡ ነው። ለአስተማሪነትም መካኒኩን ጠይቄዋለሁ። «ሰርተፊኬት የለኝም እኮ፣ ጋሼ» ነው ያለኝ፤ የክፍያ መመሪያችንም እስካሁን ያለው እንዲሁ ነው። ጉዳዩ በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ገና እየታየ ነው።

ዓለም ገና ላይ የተበጠሰውን ቺንጋና ያንን ኩሽኔታ ከፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። የቺንጋው አንድ ጠርዝ ብቻ መበላቱን ተመልከቱ፤ ኩሽኔታውንም አንሥታችሁ በጣታችሁ አዙሩት። እስከዚያው ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።