ከከባድ ዝናም በኋላ የቤትን አየር ስለ መጠበቅ
(ለገዳሪፍ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)




ክረምት በገባ ቍጥር በገዳሪፍ ከየቤቱ የሚነሣውን የሻጋታ ሽታ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ስለዚህ የምናገረው ነገር አዲስ አይደለም። ነገር ግን ይህን ሽታ ለማጥፋት በልማድ ከምናደርገው አንዱ ነፍስ የሚያጠፋ ስለ ሆነ፥ ዝም ማለት አይገባም።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንመልከት። የአገሩ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዋናው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ሲወርድ ደግሞ ያብጥና ውሃ ማስረግ ያቆማል። ውሃውም በየቤቱ ዙሪያ ተኝቶ በግድግዳው ሥር ወደ ላይ ይሳባል። የሣር ክዳን፥ ፍራሽና የማሽላ ጆንያ ከራሱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊይዛቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች በመተንፈሻ አካል ሕመምና በአስም አብዝተው እንደሚጠቁ አስታውቋል።

ሽታው ሲመጣ ብዙዎቻችን ዕጣን እናጤሳለን። ዕጣን ሽታውን ይሸፍናል እንጂ እርጥበቱን አያደርቅም። ከዚህ እጅግ የከፋው ግን ቤቱ እንዲደርቅ ተብሎ የከሰል ምድጃ አስገብቶ፥ በርና መስኮት ዘግቶ ማደር ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይይዛል፤ የተኛም ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ሻጋታ በመሽተቱ ያስጠነቅቀናል፤ የከሰል መርዝ ግን አያስጠነቅቅም።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ግድግዳው ስለ ተበላሸ ቤት የተጻፈ ሥርዐት አለ። ካህኑ አስቀድሞ ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ ያዝዛል፤ ደዌው ከሰፋ የተበላሸው ድንጋይ ወጥቶ፥ ምርጊቱ ተፍቆ ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ ከዚያም ቤቱ እንደገና ይመረጋል። መሸፈን አልታዘዘም፤ ማውጣት ታዘዘ እንጂ። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

ዝናሙ እንዳባራ በርና መስኮት ትይዩ ይከፈት። ፍራሽና ምንጣፍ ወደ ፀሓይ ይውጣ። እህል ከመኝታ ክፍል ተለይቶ በርብራብ እንጨት ላይ ይቀመጥ፤ የሻገተውም ለምግብ አይዋል። የሻገተ ግድግዳ የሚፋቅ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። ከሰል ደጅ ይቀጣጠል፤ ደጅም ይቅር። ምድጃ ባለበት ቤት ራሱን የሚያመው ወይም የሚያዞረው ሰው ቢኖር፥ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ይህ ምክር በድንኳን ለሚኖሩት ወገኖቻችን ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. ከሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኡም ራኩባና በቱናይድባ በተጠለሉበት ዓመት፥ ነፋስና ዝናም ብዙ ድንኳን አፍርሶባቸዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ መጥተዋል። ብዙ ሰው በጠባብ ስፍራ ሲያድር ትንፋሹ ራሱ እርጥበት ይጨምራል፤ ዝናም ሲወርድም ምድጃው ከሰው ጋራ ወደ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ክቡራን ሹማምንትን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የውሃ መውረጃው ቦይ ከሰኔ በፊት ይጠረግ፤ በየመጠለያውም ዝናም የማያገኘው የጋራ ማብሰያ ዳስ ይሠራ። ነዋሪው ከሰሉን ወደ ደጅ ያወጣ ዘንድ፥ ደጅ የሚያስጠልል ስፍራ ሊኖረው ይገባልና።