የዲስኮች ኅብረት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ከየካ ሆነን ወደ እንጦጦ ቀና ብንል፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ፣ ባለ 1 ሜትር መስተዋት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙበት የምርምር ማዕከል አለ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ላመጠቀቻት የመጀመሪያ ሳተላይቷ የመቀበያ ጣቢያ የተሠራውም በዚያው በእንጦጦ ነው። የአንድ ሌሊት ሰማይ ወይም የአንድ ክረምት አዝመራ ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ከጠፋ ተመልሶ አይነሣም። ታዲያ እንዲህ ያለ መረጃ በአንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ቢቀመጥ፣ ዲስኩ የተበላሸ ዕለት ምን ይሆናል?

በ1980 ዓ.ም. ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ብዙ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ የማሠራትን ዘዴ «ሬይድ» ብለው በጽሑፍ አስታወቁ። አሳቡ አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ካሉት የራቀ አይደለም። ከዓይነቶቹም ሦስቱን እናስረዳለን።

አንደኛው፣ መረጃውን ቆራርጦ ለዲስኮቹ ማካፈል ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ሥራው ይፈጥናል። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ቢበላሽ መረጃው በሙሉ ይጠፋል።

ሁለተኛው፣ አንዱን ጽሑፍ በጥንድ ዲስኮች ላይ እኩል መጻፍ ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል፤ ወጪው ግን እጥፍ ነው።

ሦስተኛው በሒሳብ የሚሠራ ነው። በአንዱ ዲስክ 5፣ በሌላው 7 ቢጻፍ፣ በሦስተኛው ድምሩ 12 ይጻፋል እንበል። 7 የጠፋ እንደ ሆነ ከ12 ላይ 5ን ቀንሰን እናገኘዋለን። ሁለት ዲስኮች አብረው ከተበላሹ ግን ይህ ሒሳብ አያድንም።

እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ 4 ዲስኮች ቢኖሩን፣ በመጀመሪያው ዘዴ 16፣ በሁለተኛው 8፣ በሦስተኛው 12 ቴራባይት ቦታ እናገኛለን። እንግዲህ ዋስትና ያለ ዋጋ አይገኝም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዲስኮቹ በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለሚኖሩ፣ እሳት ወይም ሌባ ቢመጣ አብረው ይጠፋሉ፤ በስሕተት የተሰረዘም ከሁሉም ላይ ይሰረዛል። ስለዚህ ሌላ ቅጅ በሌላ ስፍራ መኖር አለበት። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ፊልሙ በአዲስ አበባም በአሜሪካ በሚኒሶታም እንዲቀመጥ ተደርጓል።

የትምህርት ቤታችን ፎቶግራፎችና የውጤት መዝገቦችም ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ታናናሾቻችን ይደርሱ ዘንድ፣ በአንድ ዲስክ ብቻ እንዳይቀሩ በትሕትና እናሳስባለን።