አንገተ ረጅሙ የባሕር እንስሳ
(ለትምህርት ቤታችን በዓል የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ፕሌሲዮሰር ስለሚባለው የጥንት እንስሳ ነው። በደጋ ተቀምጦ ስለ ባሕር እንስሳ መናገር ምን ይረባል የሚል ቢኖር፥ መልሱ በገዛ አገራችን ድንጋይ ውስጥ ይገኛል።

ፕሌሲዮሰር ዓሣ አይደለም፤ እንደ አዞ ከተሳቢዎች ወገን የሚቈጠር፥ በሳንባው የሚተነፍስ ነበር። አራቱ እግሮቹ እንደ መቅዘፊያ የሰፉ ናቸው። ሰውም ቀጭኔም ሰባት ሰባት የአንገት አጥንት ሲኖራቸው፥ ኤላስሞሰርስ የተባለው ዓይነት ግን 72 ያህል ነበረው።

የመጀመሪያውን ሙሉ አፅም በ1823 በአውሮፓ አቈጣጠር ያገኘችው ሜሪ አኒንግ የተባለች የእንግሊዝ አገር ድኻ ሴት ናት። ኩቪዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ የአንገቱን ርዝመት በሰማ ጊዜ የሁለት እንስሳ አጥንት የተቀጣጠለ እንዳይሆን ጠረጠረ። ነገሩ በሚከተለው ዓመት ሎንዶን ላይ በሊቃውንት ማኅበር ፊት ቀርቦ እውነት መሆኑ ታወቀ፤ የእርስዋ ስም ግን በዚያ አልተነሣም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የትግራይና የዓባይ ሸለቆ ምድር በባሕር የተሸፈነ ነበር። የዚያ ባሕር ደለል ዛሬ የኖራ ድንጋይ ሆኖ በአንጣሎ አጠገብ፥ ደግሞም በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ባለው ገደል ይታያል። በ1938 በአውሮፓ አቈጣጠር ፎን ሁዌነ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ፥ አንገቱ ያጠረ የፕሌሲዮሰር ዘመድ በኢትዮጵያ መገኘቱን ጽፏል።

በእኛ በአዊ ዘንድ ግን ዘንገናን የመሰለ ሐይቅ ያስገኘው እሳተ ገሞራ እጅግ ዘግይቶ የቀድሞውን ምድር ስለ ሸፈነው፥ የጥርባን እርሻ ብንቈፍር የምናገኘው ጥቍር ድንጋይ ነው። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ዓባይን የሚሻገር ሁሉ ግን በጥንቱ ባሕር ወለል ላይ ያልፋል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ ይፈለጣል፤ ይፈጫልም። ፈላጩ የማያውቅ እንደ ሆነ፥ አጥንቱም አብሮ ዱቄት ይሆናል። የተፈጨም አጥንት ተመልሶ አይገጠምም። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ ወደዚያ ሲወርድ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም አጥንት የሚመስል ነገር በድንጋይ ውስጥ ቢያይ፥ አይስበረው፤ ከቦታውም አያንሣው። ስፍራውን ምልክት አድርጎ ለመምህሩ ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ይንገር። ሜሪ አኒንግ ያየችው ብዙ ሰው ሲረግጠው የኖረውን ድንጋይ ነበርና።